የድቡ እናት
(ስለ ደግነት በሚናገር አንድ የኢኑዊት ተረትና ተረቱ ለልጆች በሥዕል በተነገረበት መጽሐፍ ላይ የተሰጠ ንግግር)


ዛሬ የምንናገረው ስለ አንድ የልጆች መጽሐፍ ነው። ከመካከላችሁ «የሕፃናት ተረት በዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ምን ይሠራል?» ብሎ በልቡ የሚጠይቅ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሳችንም አጭር ነው። ሰው ስለ ደግነት የመጀመሪያውን ትምህርት የሚሰማው ከተረት ነው። ተረቱ ደግነትን ቀላል ነገር አድርጎ የነገረው ልጅ፣ አድጎ ኑሮ በፈተነው ጊዜ፣ ወይ በደግነት ያፍራል፣ ወይ ደግነትን የሞኝ ሥራ ነው ይላል። እንዲህ ያለ ሰው በየአዳራሹና በየመሥሪያ ቤቱ ስለሚገኝ ነገሩ የሕፃናት ብቻ ሆኖ አይቀርም።

መጽሐፉ በ1997 በአሜሪካ የታተመ ነው፤ በዚህ ንግግር የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እንገልጻለን። የመጽሐፉ ስም ወደ አማርኛ ሲመለስ «ነጭ ድብ የሆነው ልጅ» እንደ ማለት ነው። ተረቱን እንደ ገና የተረኩትም፣ ሥዕሉን የሠሩትም ሊዲያ ዳብኮቪች የተባሉት ሠዓሊና ደራሲ ናቸው።

በመጀመሪያ የተረቱ ባለቤቶች እነማን እንደ ሆኑ እንመልከት። ኢኑዊት በግሪንላንድ፣ በሰሜን ካናዳና በአላስካ የሚኖሩ ሕዝብ ናቸው። ሌሎች ሰዎች ለብዙ ዘመን «ኤስኪሞ» ይሏቸው ነበር፤ ይህ ግን ባዕዳን ያወጡላቸው ስም ስለ ሆነ ዛሬ ብዙዎቹ አይወዱትም። በቋንቋቸው ኢኑዊት ማለት «ሰዎች» ማለት ነው፤ አንዱ ሰው ኢኑክ ይባላል። በካናዳ ውስጥ ኑናቩት፣ ማለትም «ምድራችን»፣ የተባለው ግዛት በ1999 ራሱን የቻለ አስተዳደር ሆኖ ተቋቋመ። ስፋቱ ሁለት ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን በ2021 በተደረገው ቆጠራ የተገኘው ሕዝብ ግን 36,858 ብቻ ነበር። ከዚህ ቁጥር የአገሩን ስፋትና የሰውን ብቸኝነት መገመት ይቻላል።

ጽሕፈታቸውም ለእኛ ለባለ ፊደሎቹ የሚያስደስት ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ወንጌላውያን ለክሪ ሕዝብ ከተሠራው ፊደል ወስደው ለኢኑዊት ቋንቋ ያስማሙት ሲሆን፣ ዛሬም በኑናቩት ይሠራበታል። አንድ ሦስት ማዕዘን ምልክት ጫፉን ወደ ላይ ሲያደርግ «ፒ»፣ ወደ ቀኝ ሲያዞር «ፑ»፣ ወደ ግራ ሲያዞር «ፓ» ተብሎ ይነበባል። የእኛ ፊደል እግርና ቀለበት እየጨመረ ድምፁን እንደሚለውጥ፣ የእነርሱም ፊደል ፊቱን እያዞረ ድምፁን ይለውጣል።

አሁን ወደ ተረቱ እንግባ። ፍራንዝ ቦአስ የተባለው የሰው ባሕል ተመራማሪ በ1883 እና በ1884 በባፊን ደሴት ከኢኑዊት ዘንድ ተቀምጦ ነበር፤ ስለ እነርሱ የጻፈው ትልቅ መጽሐፍ በ1888 ሲታተም ይህ ተረት በውስጡ ገብቷል። እኛም በዚያው እንደ ታተመው በአጭሩ እንተርከዋለን።

አንዲት ባልቴት ነበረች። ዘመድ አልነበራትም፤ በቤትዋም ብቻዋን ትኖር ነበር። ከተወለደ ሁለት ሦስት ቀን የሆነው የነጭ ድብ ደቦል አገኘችና እንደ ወለደችው ልጅ አድርጋ አሳደገችው። ከመኝታዋ አጠገብ ለስላሳና ሙቅ መኝታ አነጠፈችለት፤ እናት ልጅዋን እንደምታጫውት ታጫውተው ነበር። ስሙም ኩኒክጁዋቅ ነበር።

ደቦሉ አደገና አደን ለመደ። ሳልሞን የሚባለውን ዓሣና አቆስጣን እየያዘ ያመጣ ጀመር። አቆስጣ ስሙን ከኦሪት ዘጸአት የምናውቀው ነው፤ እኛ እዚህ ላይ የምንለው በቀዝቃዛ ባሕር የሚኖረውን፣ ስቡ ወፍራም የሆነውን እንስሳ ነው። ኩኒክጁዋቅ የያዘውን ሁሉ ራሱ ሳይቀምስ ለእናቱ ያቀርባል፤ ድርሻውንም ከእጅዋ ይቀበላል። ባልቴቲቱ ኮረብታ ላይ ቆማ መምጣቱን ትጠብቃለች። ቀንቶት እንደ ሆነ በሄደበት ዱካ ይመለሳል፤ ሳይቀናው ሲቀር ግን በሌላ መንገድ ይመጣል። በሌላ መንገድ መምጣቱን ባየች ቀን ወደ ጎረቤቶቿ ሄዳ ለልጅዋ የሚበላውን ስብ ትለምንለታለች።

ኩኒክጁዋቅ እየዋለ እያደረ በአደን ሰዎቹን በለጣቸው። በዚህ ጊዜ ምቀኝነት ገባባቸው፤ ብዙ ዓመት በታማኝነት ካገለገለ በኋላም ሊገድሉት ቈረጡ። ባልቴቲቱ ይህን ስትሰማ በእርሱ ፈንታ የራሷን ሕይወት ልትሰጥ ለመነቻቸው፤ አልተቀበሏትም። ሰዎቹ ወደየቤታቸው ከገቡ በኋላ ልጅዋን አጠገብዋ አድርጋ የተመከረበትን ነገር ገለጠችለት። ለሁለቱም የሚበጀው እርሱ ሄዶ አለመመለሱ እንደ ሆነ፣ ነገር ግን በቸገራት ጊዜ ወጥታ ልታገኘው እስከማትችል ድረስ እንዳይርቅ እያለቀሰች ነገረችው። ድቡ ትልቁን መዳፉን በራሷ ላይ በቀስታ አኖረ፤ አንገቷንም አቅፎ ሁልጊዜ ዓይኑን ወደ እርሷ አድርጎ እንደሚጠብቃት ቃል ገባላትና ሄደ። የመንደሩ ልጆችም እጅግ አዘኑ።

ጥቂት ቆይቶ ባልቴቲቱ የምትበላው አጣችና በባሕሩ በረዶ ላይ ወጣች። ሁለት ድቦች ተኝተው አየች፤ አንደኛው ልጅዋ ነበር። ሮጦ መጣ፤ እርሷም እንደ ዱሮው ራሱን ደባበሰችውና ችግሯን ነገረችው። ወዲያው ተመልሶ ከዚያ ከጓደኛው ጋር ገጠመ፤ ገድሎትም ሬሳውን ወደ እግሯ ጎትቶ አመጣላት። ባልቴቲቱ ቆዳውን ገፈፈች፤ ከስቡም ትልልቅ ቁራጭ ለልጅዋ ሰጠችው። ከዚያም በኋላ ለረጅም ዘመን እንዲሁ እየተገናኙ ኖሩ።

ተረቱ ይኸው ነው። ቦአስ ካሳተመው ከ109 ዓመት በኋላ ዳብኮቪች ለልጆች በሥዕል መለሱት ማለት ነው። እንግዲህ በዚህ ተረት ውስጥ ያለው ደግነት ምን ዓይነት እንደ ሆነ እንጠይቅ።

እኛ በተለመደው አነጋገራችን ደግ የምንለው አብዛኛውን ጊዜ ያለውንና ከተረፈው የሚሰጠውን ሰው ነው። በዚህ ተረት ግን የተረፈው ሰው አንድም የለም። ባልቴቲቱ ለድቡ ስትሰጥ የነበራት ሁሉ ለምና ያገኘችው ስብ ነው። ይህንን ለመረዳት የአገሩን አደን ማወቅ ያስፈልጋል። በክረምት ባሕሩ ሲረጋ አቆስጣ ለመተንፈሻ ብዙ ቀዳዳ በበረዶው ውስጥ ይይዛል። አዳኙ ከአንዱ ቀዳዳ አጠገብ ሳይንቀሳቀስ በብርድ ውስጥ ለብዙ ሰዓት ይቆማል፤ እንስሳው ግን በየትኛው ቀዳዳ ብቅ እንደሚል አይታወቅም። ስለዚህ ብዙ አዳኞች በብዙ ቀዳዳ ላይ ይቆማሉ፤ የሚቀናውም አንዱ ብቻ ሊሆን ይችላል። ዛሬ የቀናው ነገ ባዶ እጁን ይመለሳልና ሥጋው ካልተካፈለ መንደሩ አይኖርም።

አሰን ባሊክቺ የተባለው ተመራማሪ በ1970 ባሳተመው መጽሐፍ እንደሚገልጸው፣ ኔትሲሊክ በሚባሉት የኢኑዊት ወገኖች ዘንድ አቆስጣው በየስሙ ተቈራርጦ ለታወቁ ባለድርሻዎች ይሰጥ ነበር፤ እንዲያውም ሁለት ተካፋዮች እርስ በርሳቸው የሚጠራሩት በሚካፈሉት የሥጋ ብልት ስም ነበር። እኛ በቅርጫ እንደምናውቀው እያንዳንዱ ብልት ስም አለው፤ በእነርሱ ዘንድ ግን ብልቱ የወዳጅነትም ስም ሆነ ማለት ነው። በእንዲህ ያለ ኑሮ ውስጥ መስጠት የትልቅነት ማሳያ አይደለም፤ የመኖር ሕግ ነው።

ባልቴቲቱ ደቦሉን ልጅ ማድረጓም እንዲሁ ከልማዱ የወጣ አይደለም። በኢኑዊት ዘንድ የማደጎ ልጅ መውሰድ እጅግ የተለመደ ነው፤ ኑናቩት ገና የካናዳ ሰሜን ምዕራብ ግዛቶች ክፍል በነበረበት ጊዜ፣ በ1995፣ ይህንኑ ልማዳዊ ማደጎ የሚያጸና ሕግ ሥራ ላይ ውሏል። አዳኝ ልጅ የሌላት አሮጊት የሰው እጅ ጠባቂ ናት። ስለዚህ ተረቱ አንዲት ብቸኛ ሴት ከቤተ ሰብ ውጭ የነበረውን ፍጡር ቤተ ሰብ አድርጋ፣ እርሷም በእርሱ ቤተ ሰብ አግኝታ እንደ ኖረች ይናገራል። ማን ለማን ደግ እንደ ሆነ መለየት እስኪያቅት ድረስ ነገሩ የተጠላለፈ ነው።

ጂን ብሪግስ የተባለችው አሜሪካዊት ተመራማሪ ከ1963 እስከ 1965 ባለው ጊዜ በቻንትሪ ሰርጥ ከአንድ የኢኑዊት ቤተ ሰብ ጋር እንደ ልጅ ሆና ኖራለች፤ በ1970 ያሳተመችውም መጽሐፍ የታወቀ ነው። በዚያ መጽሐፍ ስለ ፍቅር ሁለት ቃላት ለይታ ታሳያለች። «ናክሊክ» ደካማውን የመመገብ፣ የማሞቅና የመጠበቅ ፍላጎት ነው፤ «ኡንጋ» ደግሞ ከሚወዱት ጋር አብሮ የመሆን ናፍቆት ነው። የተረቱ ቀበሌኛ ሌላ ቢሆንም እነዚህ ሁለት ቃላት ተረቱን በደንብ ያበሩልናል። ባልቴቲቱ ልጅዋን «ሂድ» ስትለው መጠበቁ ናፍቆቱን አሸነፈ፤ «እጅግ አትራቅ» ስትለው ደግሞ ናፍቆቱ ተሸንፎ እንዳልሞተ እናያለን። ይህንን በሁለት ዓረፍተ ነገር ለአምስት ዓመት ልጅ መንገር ይቻላል፤ ልጁም ይገባዋል፤ እናቱ ወደ ገበያ ስትሄድ የሚሰማው ነውና።

ዳሩ ግን ከሁሉ በላይ እንድታስቡበት የምንፈልገው ሌላ ነገር አለ። ባልቴቲቱ ስብ የምትለምናቸው ጎረቤቶችና ድቡን ሊገድሉ የመከሩት ሰዎች የአንድ መንደር ሰዎች ናቸው። ድቡ ባዶ አፉን ሲመለስ የሚለመኑት እነርሱ ናቸው፤ ድቡ ሲበልጣቸው ጦር የሚስሉትም እነርሱ ናቸው። ተረቱ እነዚህን ሰዎች ከሌላ አገር የመጡ ጨካኞች አላደረጋቸውም። እንደማንኛችንም ያሉ ሰዎች ናቸው።

ከዚህ የምንማረው ከባድ ነገር ነው። ለተቸገረ ማዘን ሰውን ብዙ አያስቸግርም፤ እንዲያውም የሚሰጠው ሰው ከሚቀበለው ከፍ ብሎ ስለሚታይ ልቡ ደስ ይለዋል። ከእኛ ለበለጠው መደሰት ግን ደግነቱ የሚፈተንበት ቦታ ነው። በተማሪዎች ኑሮ ይህን በየቀኑ እናየዋለን። በፈተና ለወደቀ ጓደኛው ማስታወሻውን የሚያውሰው ተማሪ፣ ያው ጓደኛው በሚቀጥለው ጊዜ አንደኛ ቢወጣ ማስታወሻውን ይደብቅ ይሆናል። መጀመሪያውን ደግነት ብለን የጠራነው እንደ ሆነ ሁለተኛውን ምን እንለዋለን? የአገራችን ሰው «ምቀኛ አታሳጣኝ» የሚለው ምቀኝነት ተግቶ እንደሚያሠራ አውቆ ነው፤ ምቀኝነት ልጅን ከቤት እንደሚያስወጣ ደግሞ ይህ ተረት ያሳየናል።

አንዳንድ ሰዎች «ለሕፃን ስለ ምቀኝነትና ስለ መግደል ምክር ምን መንገር ያስፈልጋል? ባልቴቲቱና ደቦሉ ተዋደው ኖሩ ብሎ መጨረስ አይሻልምን?» ይላሉ። አሳባቸው ከርኅራኄ የመጣ ስለ ሆነ አንንቀውም። ነገር ግን እንዲህ ከተነገረ የሚቀረው ለማዳ እንስሳ ያሳደገች ሴት ወሬ ነው። ደግነቷ የታየው ልጅዋን ባሞቀችበት ሌሊት ብቻ ሳይሆን ልጅዋን በሸኘችበትም ሌሊት ነው። ከዚህም በላይ፣ «ደግ ከሆንህ ሁሉ ሰው ይወድሃል» ተብሎ ያደገ ልጅ የመጀመሪያው ምቀኛ ባጋጠመው ቀን ከሁለት አንዱን ያምናል፤ ወይ የነገሩት ሰዎች ዋሽተዋል፣ ወይ እርሱ ራሱ ደግ አልነበረም። ሁለቱም ይጎዱታል። የዳብኮቪች መጽሐፍ ምስጋና የሚገባው ስለዚህ ነው፤ የጎረቤቶቹን ቅናትና ድቡ ተገዶ ከቤቱ መውጣቱን ከልጆች አልደበቀም።

ስለ ሥዕሉም ጥቂት እንበል። እንዲህ ያሉ የሥዕል መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ 32 ገጽ ያህል ናቸው፤ በየገጹ የሚጻፈው ቃልም ጥቂት ነው። ስለዚህ ብርዱን፣ የአገሩን ስፋትና የባልቴቲቱን ብቸኝነት የሚናገረው ሥዕሉ ነው። በዚህ ተረት ሠዓሊው የሚሸከመው ልዩ ጭነት አለ፤ ይኸውም የድቡ መጠን ነው። የነጭ ድብ ደቦል ሲወለድ አንድ ኪሎ እንኳ አይመዝንም፤ ሙሉ ወንድ ድብ ግን ከ500 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል። ባልቴቲቱ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ያችው ትንሽ ሴት ናት፤ ልጅዋ ግን ከእቅፍ ወጥቶ መዳፉ ራሷን የሚሸፍን ይሆናል። ልጅ ማንበብ ሳይችል ገጹን እየገለጠ፣ ተንከባካቢውና ተንከባካቢ የተደረገለት ቦታ ሲለዋወጡ በዓይኑ ያያል። ይህን የሚያህል ትምህርት በቃል ለመስጠት ብዙ ስብከት ይፈጃል።

ነገር ግን ሥዕሉ ድቡን መጫወቻ አሻንጉሊት ካደረገው ተረቱ ይበላሻል። ነጭ ድብ አዳኝ አውሬ ነው፤ ኢኑዊትም ይህን ከማንም ይልቅ ያውቃሉ። በ1888 በታተመው ተረት ኩኒክጁዋቅ እናቱን ለመመገብ ጓደኛውን መግደሉን ልብ በሉ። በዚያ አገር የሚበላ ነገር ሁሉ የሌላ ፍጡር ሕይወት ነው፤ ለአንዱ የተደረገው ደግነት በሌላው ላይ ዋጋ ያስከፍላል። ይህን ክፍል ለልጅ እንዴት እንደሚነግር እያንዳንዱ ተራኪ ሊያስብበት ይገባዋል፤ ተረቱ ግን ሊያፍርበት አልፈለገም።

ከዚህ መጽሐፍ አጠገብ ሌላ መጽሐፍ ብናስቀምጥ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። በ2011 «የሙት ልጁና ነጩ ድብ» የሚል ትርጉም ያለው መጽሐፍ ታተመ። ተራኪው ሳኪያሲ ቃውናቅ የተባሉ ኢኑክ ናቸው፤ ሠዓሊዋ ኤቫ ቪደርማን ናት። አሳታሚው ኢንሃቢት ሚዲያ የተባለው፣ የኢኑዊት ንብረት የሆነው ድርጅት ሲሆን፣ መጻሕፍትን በኢኑዊት ቋንቋም በእንግሊዝኛም ያወጣል። በዚህ ተረት ነገሩ ተገልብጧል። ጨካኞች አዳኞች አንድን የሙት ልጅ በበረዶ ላይ ጥለውት ይሄዳሉ፤ አንድ ሽማግሌ ነጭ ድብ ወስዶ እንደ ልጁ ያሳድገዋል፤ ልጁም በድቦች መንደር መኖርን ይማራል። በአንዱ ተረት ሰው ድብን አሳደገች፤ በሌላው ድብ ሰውን አሳደገ። በሁለቱም ውስጥ ጭካኔው ከሰው መንደር ወጣ።

ይህ ለእኛ ትልቅ ማስረጃ ነው። የተረቱ ባለቤቶች ራሳቸው፣ ለገዛ ልጆቻቸው፣ በገዛ ማተሚያቸው ሲተርኩ ጭካኔውን አላስወጡትም። የመጀመሪያው ተረት በእንግሊዝኛ የታተመው በተመራማሪ መጽሐፍ ውስጥ ነው፤ ለልጆችም የደረሰው በሌላ አገር ሠዓሊ እጅ ነው። ሥራው መልካም ቢሆንም ሁለተኛው መንገድ የሚሰጠው ተጨማሪ ነገር አለ፤ ይኸውም የኢኑዊት ልጅ ያን የሚዞረውን ፊደል እየተከተለ የአያቶቹን ተረት በገዛ ቋንቋው ማግኘቱ ነው። ተረት የሚሰበስብ ሰው ለተመራማሪ ብቻ መስጠቱን ትቶ ለተረቱ ባለቤት ልጆችም መመለስ እንዳለበት ከዚህ እንረዳለን።

ክቡራን መምህራን፤ የተወደዳችሁ ተማሪዎች፤

ከመካከላችን ወደ ፊት መምህራን፣ ደራስያንና ሠዓልያን የሚሆኑ አሉ፤ ወላጅ የሚሆነው ደግሞ ብዙ ነው። ለልጅ ተረት በነገራችሁ ጊዜ ብርዱንና ረኃቡን ከተረቱ ውስጥ አታውጡ፤ ምቀኛውንም ጎረቤት አታባርሩት። ልጁ ደግነትን የሚያከብረው ደግነት ምን እንደሚያስከፍል ሲያይ ነው። ባልቴቲቱ ጎረቤቶቿን አላሸነፈችም፤ ልጅዋንም ወደ ቤትዋ አልመለሰችም። ሆኖም በረዶው ላይ በተገናኙ ቁጥር ከተገኘው ሥጋ ለሁለቱም ድርሻ ነበራቸው።

እኛም ለራሳችን አንድ ጥያቄ ማቅረብ ይገባናል። ለደካማው ጓደኛችን ስናዝን ቆይተን፣ እርሱ በበለጠን ቀን ከየትኞቹ ጎረቤቶች ወገን እንቆማለን? መልሱን በዚህ አዳራሽ በጭብጨባ መስጠት አይቻልም፤ የፈተናው ውጤት በተለጠፈ ቀን በሰሌዳው ፊት እንሰጠዋለን።